ቻርለስተን፦ የአሮጌዋን የወደብ ከተማ ሕንፃዎች በሁለት ቀን በእግር ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከአትላንታ ወይም ከዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰቡን ይዞ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርለስተን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚያበላሸው በአንድ መንገድ ነው። ረፋድ 11፡00 ላይ ሲቲ ማርኬት ይደርሳል። መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ገበያውን ዞሮ ሲጨርስ ሙቀቱ ይበረታል። ወደ ደቡቡ ጫፍ ሲወርድ ፀሐይ ከቤቶቹ ጀርባ ገብታለች፣ ሙዚየም የሆኑት ቤቶችም የዕለቱን የመጨረሻ ጎብኚ አስገብተዋል። ደሴት ላይ ያለውን ምሽግ፣ ፎርት ሰምተርን፣ ከባሕሩ ዳር ቆሞ በጣቱ አሳይቶ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ ሁለት ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው፤ 9፡30 ካልን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከመነሳትዎ በፊት

1. ቀኑን ይምረጡ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ለእግር ጉዞ ይመቻል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ስፖሌቶ የሚባለው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ስለሚካሄድ ሆቴል ይወደዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ11፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት በእግር መዞር ለልጆችና ለአዛውንቶች አይመከርም። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ በነዚህ ወራት የሚሄዱ ከሆነ ገንዘብ የሚመልስ ሆቴል ይያዙ። ሰኞን ከዕቅድዎ ያውጡ፤ ከዋና ዋናዎቹ ሙዚየሞች አንዱ ሰኞ ይዘጋል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኖቹ በአምልኮ ላይ ናቸው። ማክሰኞና ረቡዕ፣ ወይም ረቡዕና ሐሙስ ጥሩ ጥምረት ናቸው።

2. የባሕሩን ሙላት ሰዓት ያረጋግጡ። ይህን የሚያደርገው ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። የድሮው ከተማ በአሽሊና በኩፐር ወንዞች መካከል ያለ ዝቅተኛ ልሳነ ምድር ነው፤ ብዙው ቦታ ረግረግ ተደልድሎ የተሠራበት ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ አስተዳደር ለቻርለስተን ወደብ በየቀኑ የሚያወጣውን ሰንጠረዥ ይክፈቱ። ሙላቱ 7 ጫማ ከደረሰ አንዳንድ መንገዶች ላይ ውኃ መታየት ይጀምራል። ከባድ ዝናብ ከሙላቱ ሰዓት ጋር ከገጠመ ግን ከዚያ በታችም ቢሆን በገበያው ዙሪያ ያሉ መንገዶች ይጥለቀለቃሉ። በመስከረምና በጥቅምት የሚመጡት ትላልቅ ሙላቶች ፀሐይ እየወጣ እንኳ መንገድ ይዘጋሉ። የሙላቱን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ በዚያ ሰዓት ገበያው አካባቢ አይገኙ።

3. ትኬቶቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይግዙ።

- መጀመሪያ የፎርት ሰምተር ጀልባ፣ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ጉዞ። መነሻው ሁለት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ አንዱ ከተማው ውስጥ ኮንኮርድ ስትሪት ላይ ያለው ሊበርቲ ስኩዌር ነው፤ ሌላው ከኩፐር ወንዝ ማዶ ማውንት ፕሌዘንት ያለው ፓትሪየትስ ፖይንት። የእርስዎ ሊበርቲ ስኩዌር ነው። በስህተት የማዶውን የገዛ ሰው ትልቁን ድልድይ ተሻግሮ እስኪደርስ ጀልባው ይሄዳል። ምሽጉ ራሱ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የሚከፈለው ለጀልባው ነው። የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድም የጀልባውን ዋጋ አይሸፍንም።
- ቀጥሎ ኢንተርናሽናል አፍሪካን አሜሪካን ሙዚየም፣ በዚያው ቀን 12፡30 መግቢያ። ትኬቱ በሰዓት የተቆረጠ ነው።
- ከዚያ የኤይከን-ሬት ቤትና የናትናኤል ረስል ቤት ጥምር ትኬት። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው አንድ ድርጅት ስለሆነ ለየብቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የቀሩትን በር ላይ መግዛት ይቻላል። በከተማው ለጎብኚ የተከፈቱ ሌሎች የባለጸጋ ቤቶችም አሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ወንበርና የሸክላ ዕቃ እየተመሳሰለ ይደክማል። ሁለት ይበቃል።

4. ይዘው የሚሄዱት። ሶሉ ወፍራም የሆነ የተዘጋ ጫማ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 1 ሊትር ውኃ፣ ኮፍያ፣ የስልክ ማዳመጫ (የኤይከን-ሬት ጉብኝት በድምፅ የሚመራ ነው) እና ለጀልባው ቀለል ያለ ጃኬት።

## ደረጃ 1፦ መኪናውን አንድ ቦታ አሳርፈው ይተዉት

ከአትላንታ የሚመጡ በአይ-20 እስከ ኮሎምቢያ፣ ከዚያ በአይ-26 እስከ መጨረሻው ይንዱ፤ ወደ 5 ሰዓት ይፈጃል። ጀልባው በጠዋት ስለሚነሳ አንድ ቀን ቀድመው ማታ ይግቡ።

በመጀመሪያው ቀን ካልሁን ስትሪት መጨረሻ፣ ከአኳሪየሙ አጠገብ ባለው ባለ ፎቅ ማቆሚያ ያቁሙ። በሁለተኛው ቀን ኩዊን ስትሪት ወይም ኩምበርላንድ ስትሪት ላይ ካሉት በአንዱ። መንገድ ዳር አያቁሙ፤ ከብሮድ ስትሪት በታች ያለው ሰፈር በአብዛኛው የነዋሪ ስለሆነ የሰዓት ገደቡ አጭር ነው፣ ቅጣቱም አይቀርም።

*ማቆሚያዎቹ ከሞሉ፦* ሚቲንግ ስትሪት 375 ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ይሂዱ፤ ማቆሚያው ሰፊ ነው። ከዚያ ዳሽ በሚባሉት ነፃ አውቶቡሶች ወደ መሐል ይወርዳሉ።

*መንገድ ላይ ውኃ ካጋጠመዎት፦* ጥልቀቱን በዓይን ገምተው አይግቡበት። የባሕር ውኃ ስለሆነ ባያጠፋዎትም የመኪናውን ፍሬንና የታችኛውን ብረት ይበላል። ዞረው ይሂዱ፤ ሙላቱ ካለፈ በኋላ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ይቀንሳል።

## ደረጃ 2፦ ከውጭ ሆነው ሕንፃ ማንበብ ይልመዱ

ከቤቶቹ አብዛኞቹ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ አይገባባቸውም። ስለዚህ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማንበብን ያልለመደ ሰው ቀለም ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከሆቴል ከመውጣትዎ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች ይያዙ።

የቤቱን ጎን ይፈልጉ። ቻርለስተን የምትታወቅበት ቤት ጠባብ ጎኑን ለመንገዱ የሰጠ፣ ወርዱ አንድ ክፍል ብቻ የሆነ ቤት ነው። በእያንዳንዱ ፎቅ ሁለት ክፍል አለ፤ ደረጃው በመሐላቸው ነው። መንገድ ላይ የሚያዩት በር ወደ ቤት አያስገባም፤ ወደ በረንዳው ነው የሚያስገባው። እውነተኛው በር በረንዳው መሐል ላይ ነው። በረንዳው ባመዛኙ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ይዞራል፣ የባሕሩን ነፋስ ለመያዝ። ወደ ጎረቤት ግቢ በሚያየው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ መስኮት የሚያንሰውም የሰው ገመና እንዳያይ ነው።

ግድግዳው ላይ ያሉትን ብረቶች ይመልከቱ። ከወለሉ ትይዩ ክብ፣ የመስቀል ወይም የኤስ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ያያሉ፤ አንዳንዶቹ የአንበሳ ፊት አላቸው። ከተማዋን ኦገስት 31 ቀን 1886 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከዚያ በኋላ ረጅም የብረት ዘንግ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በወለሉ ውስጥ አሳልፈው ጫፉን በብሎን አጠበቁት፤ የሚታየው የብሎኑ ማረፊያ ነው። ብረቶቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ሥራ የነበራቸው ናቸው። አንድ ብቻውን በር አናት ላይ ካዩ ግን ለጌጥ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳውን ሲያነቡ አይሳሳቱ። ብዙ ቤቶች ላይ «ካሮሎፖሊስ» የሚል ክብ ሰሌዳ አለ፤ በላዩም 1670 ተጽፏል። ይህን አይቶ «ይህ ቤት የ1670 ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። 1670 ከተማዋ የተመሠረተችበት ዓመት ነው፤ ያኔ ሰፈራው ከአሽሊ ወንዝ ማዶ እንጂ እዚህ አልነበረም። ወደዚህ የተዛወረው በ1680 ነው። ሰሌዳው ከ1953 ጀምሮ ቤታቸውን በአግባቡ ላደሱ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ ሌላ ዓመት ካለበትም የሽልማቱ ዓመት ነው። የቤቱን ዕድሜ ከፈለጉ ሌላ ሰሌዳ ይፈልጉ።

በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጓሮ ይመልከቱ። ከትልቁ ቤት ጀርባ ቀጭን ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ካለ፣ ታች ኩሽናና ልብስ ማጠቢያ፣ ላይ ባሪያዎች የሚያድሩበት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነው ይከራያሉ።

ጡቡን ቀርበው ይዩ። ልስኑ በተነሳበት ቦታ ጡብ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ጭቃው ሳይደርቅ ጡቡን ከቅርጹ ያወጣው ባሪያ፣ አንዳንዴም ሕፃን፣ የጣት አሻራ ነው። ጣትዎን አያስገቡበት፤ ኖራውና ጡቡ እየተፈረፈረ ነው።

## ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ቀን፣ ባሕሩና ሰሜኑ

1. 8፡45 ሊበርቲ ስኩዌር ይድረሱ። ጀልባው ማንንም አይጠብቅም። ከላይኛው ፎቅ በስተቀኝ ይቀመጡ፤ ሲወጡ የከተማው ማማዎች በዚያ በኩል ናቸው። ጉዞው ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ነው። በመሐሉ ምሽጉ ላይ የሚያገኙት 1 ሰዓት ብቻ ነው።

2. ያንን 1 ሰዓት ይከፋፍሉት። እንደወረዱ መሐል ወዳለው ጥቁር ኮንክሪት አይሩጡ። እሱ በ1890ዎቹ መጨረሻ የተጨመረ የመድፍ ማረፊያ ነው፤ ብዙ ሰው ምሽጉ እሱ መስሎት ሰዓቱን እዚያ ይጨርሳል። ዋናው ምሽግ ዙሪያውን ያለው ጡብ ነው። ሥራው በ1829 በተጣለ ድንጋይ ደሴት ላይ ተጀመረ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ የመጀመሪያ ጥይት የተተኮሰው በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ 35 ደቂቃ በታችኛው የመድፍ ክፍሎች ይሂዱ። ከግድግዳው ጡብ ውስጥ ተሰክተው የቀሩ የመድፍ ጥይቶች አሉ፤ ከ1863 እስከ 1865 የሰሜኑ ጦር ከሞሪስ ደሴት የተኮሳቸው ናቸው። ቀጥሎ 15 ደቂቃ በሙዚየሙ፣ የቀረውን ወደ ጀልባው ለመመለስ።

*በነፋስ ምክንያት ጀልባው ከተሰረዘ፦* እዚያው ቆመው ገንዘብዎን ወይም ሌላ ቀን ይጠይቁ፤ ከዚያ በመኪና ሳሊቫንስ አይላንድ ወዳለው ፎርት ሞልትሪ ይሂዱ። የዚያው ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ሰምተርም ከዚያ ይታያል።

3. ምሳዎን ይብሉ፣ ግን ይጠይቁ። የአካባቢው ጎመን ለዓይን የእኛው ነው። ነገር ግን በአብዛኛው የሚበስለው በአሳማ አጥንት ነው፤ ቀዩ ሩዝም እንዲሁ ቋሊማ ወይም ቤከን አያጣም። ዝርዝሩ ላይ ላይጻፍ ይችላል። «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለቅመም የገባውን እንደ ሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ አለ። በቀጥታ ስለ አሳማው ይጠይቁ።

4. 12፡30 ወደ ሙዚየሙ ይግቡ። በ2023 የተከፈተው ይህ ሙዚየም የቆመው ጋድስደን ዋርፍ በሚባለው፣ አፍሪካውያን በመርከብ መጥተው በወረዱበትና በተሸጡበት ወደብ ላይ ነው። ሕንፃው በ18 ምሰሶ ላይ 13 ጫማ ከመሬት ከፍ ብሏል፤ መሬቱን ላለመጫን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን የመታሰቢያ ቦታ ይዩ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሰዎች ቅርጽ ተቀርጿል፤ ውኃው ሲመጣ ይሸፍናቸዋል፣ ሲሄድ ይገልጣቸዋል። ከልጆች ጋር ከሆኑ ከመግባትዎ በፊት ምን እንደሚያዩ ይንገሯቸው። ለውስጡ 2 ሰዓት ይመድቡ።

5. በካልሁን ስትሪት ወደ ምዕራብ ይራመዱ፦ ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ቁጥር 110። ሕንፃው የ1890ዎቹ ነው። ጁን 17 ቀን 2015 በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የነበሩ 9 ምእመናን የተገደሉበት ነው። ምእመናን ያሉት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከውጭ ቆመው ይዩት፤ ደጁ ላይ የራስዎን ፎቶ አይነሱ።

6. 3፡15 ኤይከን-ሬት ቤት፣ ኤልዛቤት ስትሪት 48። አንድ ቤት ብቻ የሚከፍሉበት ገንዘብ ካለዎት እዚህ ይክፈሉ። በ1820 ገደማ የተሠራ ነው፤ ሆን ተብሎ አልታደሰም። የግድግዳ ወረቀቱ ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። የጓሮው የባሪያዎች ማደሪያ፣ ኩሽናውና የፈረስ ጋጣው ከነግድግዳው ቆሟል። ቤቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለው በበጋ ውኃ ጠጥተው ይግቡ። የድምፅ መሪውን በቅደም ተከተሉ ይከተሉ፤ ወደ ሳሎኑ የዘለለ ሰው ጓሮውን ሲደርስበት ይዘጋበታል።

## ደረጃ 4፦ ሁለተኛው ቀን፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን

አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ጥላ የሌለውን የባሕር ዳር በጠዋት ይጨርሱ፤ ቀትር ላይ ጣሪያ ሥር ይሁኑ።

1. 8፡00 ሬይንቦ ሮው። ኢስት ቤይ ላይ ከኤሊየት እስከ ትራድ ስትሪት ያሉት 13 ባለ ቀለም ቤቶች ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ከረፋዱ በኋላ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ከማዶው የእግረኛ መንገድ ሆነው ይዩ፤ ፎቶ ለማንሳት መሐል መንገድ አይቁሙ፣ መኪና አያቋርጥም። ቀለሞቹ ሰካራም መርከበኛ ቤቱን እንዳይስት ነው የሚለውን አይመኑ፤ የተቀቡት በ1930ዎቹ ነው።

2. 8፡30 በግንቡ ላይ እስከ ኋይት ፖይንት፣ የደቡቡ ጫፍ መናፈሻ። ኢስት ባተሪ ላይ ደረጃ ወጥተው በባሕሩ ግንብ አናት ይሂዱ። በስተቀኝ ያሉትን ትላልቅ ቤቶች በደረጃ 2 መሠረት ያንብቡ፤ ሦስት ፎቅ በረንዳ ያላቸውን በደንብ የሚያዩት ከዚህ ከፍታ ነው። ከዚህ በታች መፀዳጃ ማግኘት ስለሚከብድ ከሆቴል ተዘጋጅተው ይውጡ።

3. 10፡00 ናትናኤል ረስል ቤት፣ ሚቲንግ ስትሪት 51። በ1808 የተጠናቀቀ ነው። የሚታየው ደረጃው ነው፦ ሦስት ፎቅ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ግድግዳውን አይነካም። መሐሉ ሥር ቆመው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይመልከቱ። ትናንት ካዩት ጋር የሚያነጻጽሩት ይህን ነው፤ አንዱ ታድሶ ያበራል፣ ሌላው እንደተገኘ ቆይቷል።

4. 11፡15 የብሮድና የሚቲንግ መጋጠሚያ። የከተማው፣ የአውራጃውና የፌዴራሉ ሕንፃዎች፣ አራተኛው ማዕዘን ላይ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ከ1752 እስከ 1761 የተሠራ ነው፤ ማማው 186 ጫማ ይደርሳል። በሩ ክፍት ከሆነ ይግቡ፤ ጫማ ማውለቅ የለም። ከተዘጋ ቅጥሩን ይዩ፣ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከፈረሙት ሁለቱ እዚያ ተቀብረዋል።

5. 12፡00 ኦልድ ኤክስቼንጅ። በብሮድ ስትሪት እስከ መጨረሻው ወደ ምሥራቅ ይሂዱ። በ1771 ያለቀ የጉምሩክና የንግድ ቤት ነው። እንደደረሱ የምድር ቤቱ ጉብኝት መቼ እንደሚጀምር ይጠይቁ፤ የሚወርዱት ከአስጎብኚ ጋር ነው። ሰዓቱ እስኪደርስ ላይኛውን ፎቅ ይዩ። ታች ሲወርዱ የቀድሞው የከተማ ቅጥር ቁራጭ ይታያል። ሲወጡ የሕንፃውን ሰሜናዊ ጎን አይለፉት፤ እስከ 1856 ሰው በአደባባይ ለጨረታ የሚቀርብበት ቦታ ነበር።

6. 1፡15 የባሪያ ገበያ ሙዚየም፣ ቻልመርስ ስትሪት 6። በ1856 የአደባባይ ሽያጭ ሲከለከል ንግዱ ወደ ግቢ ገባ፤ ይህ የ1859 ሕንፃ የዚያ ቅሪት ነው። ሲቲ ማርኬት ሰው የተሸጠበት ነው የሚለው የተለመደ ስህተት ነው፤ ቦታው እዚህ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ጽሑፉ ብዙ ነው፤ የተማሪ ቡድን ከገባ 20 ደቂቃ ውጭ ይጠብቁ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ግን እንደ አዲስ አበባው ተጠርቦ የተነጠፈ አይደለም፤ ድቡልቡል ድንጋይ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። የሕፃን ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር በእግረኛ መንገዱ ይግፉ።

7. 2፡15 ቸርች ስትሪት ወደ ሰሜን። ዶክ ስትሪት ቲያትር፣ ፊት ለፊቱ የ1845ቱ የሂዩጉኖት (የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች) ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ መንገዱን ወደ ውጭ ገፍቶ የቆመው ቅዱስ ፊልጶስ። ከዚያ በኩምበርላንድ ወደ ግራ ታጥፈው የ1713ቱ የባሩድ ግምጃ ቤት፤ ግድግዳው 32 ኢንች ውፍረት አለው። ለሁሉም 1 ሰዓት ይበቃል።

8. 3፡30 ሲቲ ማርኬት። የመጨረሻ ያደረግነው ሰዓት ቢያልቅ የሚቀረው ጉዳት ስለሌለው ነው። የባሕሩ ሙላት ከዚህ ሰዓት ጋር ከገጠመ ይተዉት። በፈረስ ጋሪ መጎብኘት ካማረዎት የሚነሱት ከዚሁ አካባቢ ነው። ነገር ግን የሚሄዱበትን ሰፈር መምረጥ አይችሉም፤ ሲነሱ በዕጣ ነው የሚመደበው። ጋሪውን ዋና ጉብኝት አድርጎ የሚያቅድ ሰው የሚያዝነው ለዚህ ነው።

## አንድ ቀን ብቻ ካለዎት

ጀልባውን ይተዉ። 8፡00 ላይ ከሬይንቦ ሮው ተነስተው የሁለተኛውን ቀን እስከ ተራ ቁጥር 6 ድረስ ይሂዱ፤ ረስል ቤትን ግን ከውጭ ብቻ ያልፉታል። ይህ ሲሆን አንድ ሰዓት ስለሚተርፍ 1፡15 ገደማ የባሪያ ገበያ ሙዚየሙን ጨርሰው ይወጣሉ። በዳሽ አውቶቡስ ወይም በታክሲ ወደ ሰሜን ወጥተው 1፡30 በአፍሪካን አሜሪካን ሙዚየም፣ 3፡45 በኤይከን-ሬት ይገኙ፤ የመጨረሻውን መግቢያ ሰዓት በዚያው ዕለት ጠዋት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ከሁለቱ አንዱ መቅረት ካለበት ቤቱ ይቅር፤ ምክንያቱም ሙዚየሙ ሥር ያለውን መታሰቢያ ሳያዩ ደቡብ ላይ ያዩትን ሀብት ማን እንደገነባው አይገባም።